ሌላ ሰው ያሞቀው ቤት

ኅዳር 3፣ ሰኞ

ብርዱ ገባ። ስልኬ ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም። ሞቃቱን ወራት ሁሉ ማሞቂያቸውን ዞር ብለው ያላዩ ሰዎች ዛሬ በአንድ ቀን አስታወሱት። አንዱ ቤት ማጣሪያው በአቧራ ከመደፈኑ የተነሳ ብርድ ልብስ መስሏል። ሌላው ቤት ሶፋውን ሙቅ ውሃ የሚዞርበት ራዲያተር ላይ ለጥፈው «አይሞቅም» ይሉኛል። የምታሞቁት ሶፋውን ነው፣ አልኳቸው።

ማታ ስገባ እናቴ ካፖርቷን እንደለበሰች ሳሎን ተቀምጣለች።

«ልትወጪ ነው እንዴ?» አልኳት።

«አይ፣ ልቀመጥ ነው» አለች።

ባለቤቴ ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ ግን አይደለም። «እኛም እንደ ሰው ደውለን ቀጠሮ እንያዝ?» አለችኝ።

የቤታችን ራዲያተሮች ውስጥ አየር ገብቷል። ከታች ሞቅ፣ ከላይ ቀዝቃዛ ናቸው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እሑድ እሠራዋለሁ አልኩ።

ኅዳር 9፣ እሑድ

አልሆነም። አራስ ያለችበት ቤት ማሞቂያ ጠፋ ብለው ጠሩኝ። አራስ እያለች እምቢ ይባላል? ለባለቤቴ ይህንኑ ስነግራት «አይባልም» አለች። የሚቀጥለው እሑድ።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ

በሩን ስከፍት ሙቀት ፊቴን ዳሰሰኝ። የተሳሳተ ቤት የገባሁ መሰለኝ። እናቴ ካፖርቷን አውልቃ፣ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ባለቤቴ ከስፌት ክፍሏ እየዘፈነች ወጣች።

«ማነው የነካው?» አልኩ። ሰላም እንኳ ሳልል።

«ጆሮ መጣልን!» አለች እናቴ፤ የጠፋ ልጇ የተመለሰ ይመስል።

ጆሮ። እኔና እሱ ሥራ የለመድነው በአንድ አለቃ እጅ ነው። ስሙን ያወጣንለት ማሽን ከመፍታቱ በፊት ጆሮውን ለጥፎ ስለሚያዳምጥ ነው። እኔ መፍቻ ሳነሳ እሱ ያዳምጣል። አለቃችን «እሱን ተመልከት» ይለኝ ነበር። ስንት ዓመት አለፈው፤ እሱን እንድመለከት የሚነግረኝ ሰው ግን አላጣሁም።

ባለቤቴ አንድ በአንድ ዘረዘረችልኝ። አየሩን አስወጣ፣ ማጣሪያውን አጠበ፣ ከበሩ ሥር የሚገባውን ነፋስ ደፈነ፣ ማንም ሰው በሌለበት ሰዓት ሙቀቱ በራሱ ዝቅ እንዲል አደረገ፣ ቱቦ ነካ፣ ምን ነካ። «በየክፍሉ እየዞረ የትኛው ጋ እንደሚበርደን ጠየቀን» አለች። ጠየቀን! ምን መጠየቅ ያስፈልጋል? ቴርሞሜትር የለውም?

«እጁ ይባረክ» አለች እናቴ።

ቀና ሳልል ራቴን በላሁ። ላቤ መጣ። «ሙቀቱ በዛ» አልኩ።

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ

«ለምን እሱን ጠራሽ? ከተማው በባለሙያ ሞልቶ የለም?»

«የማውቀው እሱን ነው። ያስተዋወቅኸኝም አንተ ነህ።»

«ስንት ሰዓት ቆየ?»

«እስኪጨርስ።»

«ሻይ ጠጣ?»

«ጠጣ።»

«በየትኛው ብርጭቆ?»

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ትክ ብላ አየችኝ። እንዲያው ነው የጠየቅሁት። ሰው አይጠይቅም?

ኅዳር 20

በችኮላ ነው የምጽፈው። የማሞቂያ መለዋወጫ የምገዛበት ዕቃ ሻጭ፣ ሱቁ ሰው እንደሞላ፦ «ጆሮ ያንተን ቤት ሠራልህ አሉ! ምን ሆነህ ነው፣ እጅህን አሞህ ነው?» ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ልገዛ የሄድኩትን ዕቃ ሳልገዛ ወጣሁ።

ማን ነገረው? ጆሮ ራሱ? ወይስ እሷ ለሰው ትናገራለች?

ኅዳር 27፣ ሐሙስ

ጆሮ ሥራውን መልሶ ለማየት እንደሚመጣ እናቴ ትናንት ነግራኝ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ያለብኝን ቀጠሮ አስተላለፍኩና መኪናዬን ከቤታችን ማዶ አቆምኩ። ምሳ ዕቃዬን ረስቼ ነው ብዬ ነበር ለራሴ። ምሳ ዕቃው አጠገቤ ወንበሩ ላይ ነበር።

በወጥ ቤቱ መስኮት አየኋቸው። እሱ ራዲያተሩ ሥር ተንበርክኳል። እናቴ ወንበር ላይ፣ ባለቤቴ በሩ ላይ። እሱ አንድ ነገር ይላል፣ እነሱ ይስቃሉ። ከዚያ ባለቤቴ ሆዷን ይዛ እጥፍ አለች። እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። እኔ ፊት እንዲህ የሳቀችው መቼ ነው? አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ አልመጣልኝም።

ሲወጣ በር ድረስ ሸኘችው። የታጠፈ ጃኬት ሰጠችው፤ እዚያው ቆሞ ለበሰው፣ እሷም ትከሻው ላይ ያለውን ክር አራገፈችለት። አራገፈችለት።

ማታ ምንም እንደማያውቅ ሰው «ዛሬ ማን መጣ?» አልኩ።

«ጆሮ። ለሥራው ምንም አልቀበልም ስላለኝ የጃኬቱን ገበር ቀየርኩለት።»

ወዲያው ነገረችኝ። የሚደብቅ ሰው እንዲህ ቶሎ አይናገርም። ወይም ደግሞ መደበቅ የሚያውቅ ሰው ነው ቶሎ የሚናገረው።

«የእኔ ጃኬት ኪስ ከተቀደደ ስንት ጊዜው ነው!»

«ስጠኝ ስልህ ነው የከረምኩት» አለች። «ሰጠኸኝ?»

ኅዳር 29

ዛሬ በሄድኩበት ቤት ሁሉ ጃኬት የለበሰ ሰው ሳይ ገበሩን ለማየት እሞክራለሁ። ሥራዬን አበላሸሁ። አንድ ፓምፕ ገልብጬ ገጥሜ መልሼ ፈታሁት። የቤቱ ባለቤት «ዛሬ ደህና አይደለህም» አለችኝ። ብርዱ ነው አልኳት።

ታኅሣሥ 2፣ ማክሰኞ

ከሁሉም ክፍል አሳምሮ ያሞቀላት የስፌት ክፍሏን ነው። ሌላው ክፍል ደህና ነው፤ እዚያ ግን ገብቶ መውጣት ያስጠላል፣ እንዲህ ነው የሚመቸው። እሷም ቀኑን ሙሉ እዚያ ትውላለች፤ እሱ ባሞቀው ክፍል።

ማለዳ ሳይነሱ ኮሪደሩ ላይ ያለውን፣ ወደ ስፌት ክፍሉ የሚሄደውን ሙቅ ውሃ የሚዘጋውን ቫልቭ ጠበቅ አደረግሁት። ለሙከራ ያህል ነው። ቫልቭ በራሱም ሊጣበቅ ይችላል፤ በሥራዬ ስንቱን አይቻለሁ። ለጥቂት ቀን ነው። ከዚያ እኔ እሠራዋለሁ። ያኔ ቤቱን ያሞቀው ማን እንደሆነ ይታወቃል።

ታኅሣሥ 4

«የስፌት ክፍሉ በረዶ ሆነ» አለች። የስፌት መኪናዋን ወጥ ቤት አምጥታለች፤ ጨርቁ ከሽንኩርቱ ጋር ተደባልቋል። «ጆሮን ልጥራው?»

«እሱ ነካክቶት አይደል እንዲህ የሆነው! እኔ አየዋለሁ።»

«መቼ?»

«እሑድ» አልኩ። አፌ ለምዶት ነው።

ታኅሣሥ 7፣ እሑድ

ዛሬ ልከፍተው ነበር። መሣሪያዬን አውጥቼ ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን ባለቤቴ ቁርስ ላይ «የጆሮ ሥራ ያሰብኩትን ያህል አይደለም ማለት ነው» አለች። ደስታዬን በዳቦ ሸፈንኩት። ደግማ ትበለው ብዬ ነው፤ አንድ ሁለት ቀን ይቆይ አልኩ።

እናቴ ካፖርቷን ለብሳ ነው ቁርስ የበላችው። ትስላለች። አርጅታለች፤ ሽማግሌ ሰው በትንሽ በትልቁ ይበርደዋል።

ታኅሣሥ 9፣ ማክሰኞ

እናቴ ጠዋት አልነሳም አለች። ስነካት ታቃጥላለች። ትንፋሿ ያጥራታል። መሣሪያዬን ከመኪናው ኋላ አውርጄ እዚያ አስተኛኋት።

ሐኪሟ ሳንባ ምች ነው አለች። በዚህ ዕድሜ ቀላል አይደለም አለች። ከዚያ «የሚተኙበት ክፍል ይቀዘቅዛል?» ብላ ጠየቀች።

«በጭራሽ!» አለች ባለቤቴ። «ባለቤቴ እኮ የማሞቂያ ባለሙያ ነው።»

የዚያው ቀን ማታ

የሌሊት ልብሷን እንዳመጣ ወደ ቤት ላኩኝ። የእናቴን ክፍል ከፈትኩ። ትንፋሼ ታየኝ። ራዲያተሯን ነካሁት፤ እንደ ድንጋይ ነው።

የእሷ ክፍል በሌላ መስመር ነበር። ነበር። ቱቦውን በእጄ እየዳሰስኩ ተከተልኩት። የእሷ መስመር ደካማ ስለነበረ ጆሮ ከስፌት ክፍሉ መስመር ጋር አገናኝቶላታል። ቫልቩ የዘጋው ሁለቱንም ነው። ባለቤቴ የሠራውን ስትዘረዝርልኝ ቱቦ ነካ ብላ ነበር። የትኛውን ቱቦ ብዬ አልጠየቅሁም። ስለ ብርጭቆ ነው የጠየቅሁት።

ልከፍተው መፍቻ አነሳሁ። ከዚያ ነገ ባለቤቴ መጥታ ለምን ሞቀ ብትለኝስ? ምን አደረግህ ብትለኝስ? እናቴ ሆስፒታል ናት፣ ክፍሉ ባዶ ነው፣ ማንንም አይጎዳም አልኩ። መፍቻውን መለስኩት።

ይህንን የጻፍኩት እኔ ነኝ? እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ 10

ትንሽ ተሻላት። ዓይኗን ገለጠች። «ክፍልሽ እንዲህ ሲበርድ ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት።

«ያ ልጅ እንዳይወቀስ ብዬ» አለች። «አንተ ለሰው ሥራ ምሕረት የለህም።»

ታኅሣሥ 11፣ ሐሙስ

ባለቤቴ እኔን ሳትጠይቅ ጆሮን ጠርታዋለች። ከሆስፒታል ስመለስ ኮሪደሩ ላይ ደረስኩባቸው። እሱ ተንበርክኳል፤ እጁ ቫልቩ ላይ ነው። ቀና ብሎ አየኝ። ለምን ያህል ጊዜ እንዳየኝ አላውቅም፤ ዕድሜ መሰለኝ።

ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «ቫልቩ ተጣብቋል። ሁለቱን ክፍል አንድ ላይ ሳገናኝ እሱንም መቀየር ነበረብኝ። የእኔ ጥፋት ነው።»

ባለቤቴ እንደዚያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። «እማማን ልትገድልብን ነበር እኮ! አምኜህ! እንደ ወንድም አምኜህ! ሁለተኛ ይህን ቤት እንዳትረግጥ!»

ቫልቩን ከፈተ፣ ውሃው ቱቦው ውስጥ ሲሄድ አዳመጠ፣ ዕቃውን ሰበሰበ፣ ወጣ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ነበር።

«አንተ ልክ ነበርክ» አለችኝ ባለቤቴ። ይህንን ለመስማት ነበር ያ ሁሉ።

ተከትዬው ወጣሁ። መንገዱ ላይ ደረስኩበት።

«ለምን እንዲህ አልካት?»

«ምን ልበላት? የተጣበቀና መፍቻ የነከሰው አይለይም? ጭረቱ ገና ትኩስ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርካትም?»

ጃኬቱን እስከ አንገቱ ዘጋ። «እማማ ከሆስፒታል ሲወጡ የሚያስፈልጋቸው ልጃቸው ነው። የማሞቂያ ሠራተኛ የትም ይገኛል።»

ሄደ።

እናቴ በመድኃኒት ተኝታለች፣ ሚስቴ ኩሽና ታለቅሳለች፣ እኔ ደግሞ ተቀምጬ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ በዚህም በለጠኝ።

ታኅሣሥ 16

ወሬው ተዳርሷል። ዕቃ ሻጩ ጎንበስ ብሎ፦ «ጆሮ አሮጊት ሊገድል ነበር አሉ፤ ደንበኞቹ አንተን እያፈላለጉ ነው።» እውነትም ደወሉ። እሺ አልኩ፤ ሄድኩ። ጆሮ በየቱቦው ላይ የትኛውን ክፍል እንደሚያሞቅ ጽፎ ለጥፏል፤ የቤቱ ሰው ራሱ እንዲያውቀው። እንከን ፈለግሁ። ተንበርክኬ ፈለግሁ። አላገኘሁም።

«ያኛው ሰውዬ አበላሽቶት ይሆን?» አለችኝ የቤቱ እመቤት።

«ደህና ነው» አልኩ። ከዚህ በላይ ግን አልተናገርኩም።

ታኅሣሥ 19፣ ዓርብ

እናቴ ትናንት ወጣች። ዛሬ ሥራ አልሄድኩም። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ሾርባ ሳጠጣት፦

«ያን ልጅ አባረራችሁት አሉ» አለች።

«እሱ አይደል ያሳመመሽ?»

አልኩት። በዚህ አፌ። ማንኪያውን ወደ አፏ እያስጠጋሁ።

ሾርባውን በእጇ መለስ አደረገችው። «እሱ ሲመጣ ለምን ደስ እንደሚለን ታውቃለህ? ስለ አንተ ያወራልናል። ሥራ ስትለማመዱ ቱቦ ከፍተህ አለቃችሁን ከራስ ጠጉሩ እስከ ጫማው ያጠብከውን ነገረን። ከዚያ ፎጣ ላምጣ ብለህ ሮጠህ እንደወጣህ ሦስት ቀን ጠፋህ አሉ! ሚስትህ በሳቅ ልትሞት ነበር። አንተ መቼ ትነግረናለህ? ትገባለህ፣ ትበላለህ፣ ትተኛለህ። እኛ ደግሞ እሱን እንጠይቀዋለን። ‹ዛሬ የት አገኘኸው? ምን ይላል?› እያልን።»

ያን ቀን ባለቤቴ ሆዷን ይዛ የሳቀችው በእኔ ነበር። እኔ ማዶ መኪና ውስጥ፣ ምሳ ዕቃዬን አጠገቤ አስቀምጬ።

ሳህኑን መሬት አስቀመጥኩና ነገርኳት። ሁሉንም አይደለም፤ ቫልቩን። ማን እንደዘጋው።

«ውሃ ስጠኝ» አለች። ጠጣች። «አሁን ሂድና ለእሷ ንገራት። ለእኔ መንገር ቀላሉ ነው።»

ታኅሣሥ 20

ነገርኳት። የስፌት መኪናዋ ቆመ። ጨርቁ መርፌው ሥር እንዳለ ቀረ።

«ሐኪሟ ክፍሉ ይቀዘቅዛል ወይ ስትለኝ ምን እንዳልኳት ታስታውሳለህ?»

«አዎ።»

«በኩራት ነበር ያልኩት።»

ካፖርቷን አንስታ ለበሰች። «ወዴት ነው?» አልኳት።

«የሰደብኩት ሰው ጋ።»

«አብሬሽ ልምጣ።»

«የእኔን ይቅርታ እኔ እጠይቃለሁ። ያንተን ለብቻህ ሂድ።»

ሳትመለስ አመሸች። ስትመለስም እናቴ ክፍል ገብታ ተኛች፤ እማማን ልጠብቅ ብላ። ጆሮ ጋ ምን አወሩ? ምን አላት? ሻይ ጠጣች? ይኸው፣ አሁንም አልለቀቀኝም።

ታኅሣሥ 22፣ ሰኞ

ዕቃ መሸጫው ገባሁ። ሰው ሞልቷል። «ቫልቩን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ጆሮ ምንም አላጠፋም። እኔ ነኝ።» ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጎላ። የሳቀ የለም። ዕቃ ሻጩ የተደረደረ ዕቃ እንደገና መደርደር ጀመረ። አንዱ ሰው ለእኔ ሰጥቶ የነበረውን ቀጠሮ እዚያው ሰረዘ። ልክ ነው።

ከዚያ ጆሮ ቤት። በሩን ራሱ ከፈተ። ይቅርታ አልኩት።

«እሺ» አለ።

«በቃ?»

«በቃ። ምን ላድርግህ፣ ልምታህ?»

እንዲህ ቶሎ ይቅር ማለቱ አበሸቀኝ። ቢሰድበኝ፣ ቢያንቋሽሸኝ ይሻለኝ ነበር። ልሄድ ስል ጠራኝ። «ቤትህ ግን ሁለተኛ አልመጣም» አለኝ፤ ያን ጊዜ ድምፁ ተለወጠ፣ ዓይኑም ቀላ። «እማማ ቢሞቱ ምን ልትሆን ነበር? እኔስ ምን ልሆን ነበር? ቤትህን ራስህ ሥራ።»

በሩን ዘጋ። ቀስ ብሎ አይደለም።

ታኅሣሥ 28፣ እሑድ

ስልኬን አጠፋሁ። ቫልቩን ቀየርኩ፤ ለእናቴ ክፍል የብቻዋን መስመር ሠራሁ፤ ከመስኮቶቹ ሥር የሚገባውን ነፋስ አንድ በአንድ በእጄ ጀርባ ፈለግሁ። ባለቤቴ የጠየቅኳትን ብቻ ትመልሳለች። «እዚህ ይበርድሻል?» «አይ።» «እዚህስ?» «ትንሽ።» «የት ጋ?» «እግሬን።» ለአንድ ቀን ይህን ያህል ከተነጋገርን ቆየን።

ጥር 7፣ ማክሰኞ

ማታ ባለቤቴ ትራሷን ይዛ ወደ መኝታ ቤታችን መጣች። «እማማ ታንኮራፋለች» አለች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች። መብራቱን አጠፋሁ።

እንዲያው ስለ ሥራ ማውራት ጀመርኩ። ዛሬ አንድ ቤት ሄጄ ነበር፣ አልኳት፤ ባልና ሚስት ናቸው። ማሽኑ አብዷል ይላሉ። አንዴ ያቃጥላል፣ አንዴ ያቀዘቅዛል። ፈታሁት፣ ገጠምኩት፣ ደህና ነው። ሻይ እየጠጣሁ ሳለ ባልየው ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ ተነሳ፤ መንገዱ ላይ ቀስ ብሎ ሙቀቱን ከፍ አደረገ። እሱ ሳይመለስ ሚስቲቱ ስኳር ላምጣ ብላ ተነሳች፤ ዝቅ አደረገችው። ሁለቱም ተቀመጡና «ይኸው እንዲህ ነው የሚያደርገን!» አሉኝ።

ምንም ድምፅ የለም። ተኝታለች ብዬ ተውኩት፣ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

«ከዚያስ?» አለች።